የኮናክሪ ስታዲየም ግድያና የሻምበል ዳዲስ ካማራ ክስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ በጥብቅና ሙያ ነው የምሠራው። ስለ ጊኒው ወታደራዊ መሪ ክስ ሰው መጠየቅ ከጀመረ ቆይቷል። አንዳንዱ ይደውላል። አንዳንዱ ፍርድ ቤት በር ላይ ያስቆመኛል። ጉዳዩ የሩቅ አገር ቢሆንም ጥያቄው የሚነሳው ከዚሁ ነው። ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤዋለሁ። ቀኖቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ዳዲስ ካማራ ማን ነው?

ሙሳ ዳዲስ ካማራ የጊኒ ጦር ሻምበል ነበር። ለ24 ዓመት አገሪቱን የገዙት ፕሬዚዳንት ላንሳና ኮንቴ በታኅሣሥ 2001 ሞቱ። ሰዓታት ሳይቆጠሩ ወታደሩ ሥልጣን ያዘ። ከፊት የቆመው ይህ ሻምበል ነው። መጀመሪያ ብዙ ሰው ደግፎት ነበር። ሙስናን አጠፋለሁ፣ ምርጫ ይካሄዳል፣ እኔ ግን አልወዳደርም አለ። ወራት ሲያልፉ ሊወዳደር ነው የሚለው ወሬ ጠነከረ። እሱም ወሬውን ቁርጥ አድርጎ አላስተባበለም። ተቃዋሚዎች ሰልፍ የጠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

መስከረም 18 ቀን 2002 ምን ተፈጠረ?

ለእኛ የመስቀል ማግስት ነበር። ለጊኒዎችም ቀኑ ትልቅ ቀን ነው። በ1951 ዓ.ም በዚያው ዕለት በሕዝበ ውሳኔ የፈረንሳዩን መሪ ደ ጎልን እምቢ ብለው ነፃነትን መርጠዋል። ሰልፉ የተጠራበት፣ በዋና ከተማዋ በኮናክሪ ያለው ስታዲየም ራሱ ስሙን ያገኘው ከዚህ ቀን ነው።

ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ስታዲየሙ ጎረፈ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነበር። ሜዳው ላይ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል፣ የሚጸልዩም ነበሩ። ከዚያ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ወዲያው ቀይ መለዮ ያደረጉ የፕሬዚዳንቱ ጠባቂዎች እየተኮሱ ገቡ። ጃንደርሞች (የፖሊስ ሥራ የሚሠሩ ወታደሮች)፣ ፖሊሶችና ሲቪል የለበሱ ታጣቂዎችም ነበሩበት። መውጫው ተዘግቷል። አጥር ዘሎ ለማምለጥ የሞከረውን ውጭ የቆመ ወታደር ይጠብቀዋል። በር ላይ የተጋፋው ተረጋግጦ ሞተ። በሳንጃና በቢላዋ የተወጉ አሉ። ሴቶች እዚያው ሜዳው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ ተደፈሩ። ሌሎቹ በመኪና ተጭነው ለቀናት ታግተው ቆዩ።

ይህን ያህል በዝርዝር የምጽፈው ሰው ለማስደንገጥ አይደለም። ክሱን ለመረዳት ሦስት ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በሩ ተዘግቷል፣ የተለያዩ ኃይሎች በአንድ ላይ መጥተዋል፣ ጥቃቱም ስታዲየሙ ላይ አላበቃም። አንድ የደነገጠ ወታደር በስህተት ተኩሶ እንዲህ ያለ ነገር አይፈጠርም።

ስንት ሰው ሞተ? ቁጥሩ ለምን ይለያያል?

መንግሥት መጀመሪያ 57 አለ። አብዛኞቹም ተረጋግጠው ነው የሞቱት ተባለ። ከአራት ቀን በኋላ በከተማዋ ትልቁ መስጊድ፣ በፋይሰል መስጊድ፣ 57 አስከሬን ተደርድሮ ለቤተሰብ ታየ። ልጄ፣ ወንድሜ፣ ባለቤቴ እዚህ አለ ወይ ብሎ የመጣው ሰው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ብዙው የፈለገውን ሳያገኝ ተመለሰ።

የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሪፖርቱን አወጣ። የሞቱና የጠፉ 156 ሰዎችን መዘገበ። የ67ቱ አስከሬን ለቤተሰብ ተሰጥቷል። 40ዎቹ ስታዲየም ወይም አስከሬን ማቆያ ክፍል ውስጥ ሞተው ታይተዋል፣ አስከሬናቸው ግን የለም። 49ኙ ስታዲየም ውስጥ ታይተው ከዚያ በኋላ ደብዛቸው ጠፋ። ቢያንስ 109 ሴቶች ተደፍረዋል ወይም ሌላ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል።

እነዚያ 40 ሰዎች ናቸው ጉዳዩን የሚያከብዱት። አስከሬን በራሱ እግር አይሄድም። የሆነ ሰው ጭኖ ወስዶታል። የጫነውን ደግሞ ያዘዘው አለ። ግድያን መደበቅ ከግድያው በኋላ የሚሰጥ ሌላ ትዕዛዝ ነው።

«እኔ አላዘዝኩም፣ እዚያም አልነበርኩም» ካለ እንዴት ይከሰሳል?

ከሁሉም ጥያቄ በላይ የሚመጣው ይህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ዳዲስ ያኔም በኋላም ክርክሩ አንድ ነበር። ወታደሮቹ ከቁጥጥሬ ውጪ ነበሩ አለ። ችሎት ላይ ሲቀርብ ደግሞ ዕለቱን በቢሮው እንዳሳለፈ ተናገረ። ጥፋቱን በዋነኛነት ወደ ጠባቂዎቹ አዛዥ ወደ ቱምባ ዲያኪቴ አዞረ። የተሸረበብኝ ሴራ ነው አለ።

ሕጉ ግን ምላጩን የሳበው ማን ነው ብሎ ብቻ አይቆምም። የበላይ አዛዥ ኃላፊነት የሚባል መርህ አለ። አቃቤ ሕግ ሦስት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ ያጠፉት ኃይሎች በእውነት በተከሳሹ ሥር ነበሩ። ሁለተኛ፣ ተከሳሹ ወንጀሉን ያውቅ ነበር ወይም ማወቅ ይገባው ነበር። ሦስተኛ፣ እያወቀ አላስቆመም ወይም ያጠፉትን አልቀጣም። ሦስቱ ከተሟሉ «አላዘዝኩም» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም።

ሦስተኛውን ነጥብ ሰው ይዘነጋዋል። አንድ አዛዥ ዕለቱን እንቅልፍ ወስዶት ነበር እንበል። በነጋታውስ? ገዳዮቹን አስያዘ? መሣሪያቸውን አስፈታ? የተሰወረውን አስከሬን አስፈለገ? ወይስ መለዮአቸውን እንዳጠለቁ ሥራቸውን ቀጠሉ? ዓሣ ግማቱ ከአናቱ የሚባለው ለዚህ ነው። ኮናክሪ ላይ ጭፍጨፋውን የፈጸሙት የራሱ የፕሬዚዳንቱ ጠባቂዎች ነበሩ። ማታ የሚጠብቁትን ሰዎች ቀን አላውቃቸውም ማለት ለእኔ የሚያሳምን መከላከያ አይደለም። ፍርድ ቤቱንም አላሳመነም።

ታዞ የተኮሰው ወታደርስ ነፃ ይወጣል?

አይወጣም። ቱምባ ዲያኪቴ ችሎት ላይ ዳዲስን በቀጥታ ወንጅሏል። ያም ሆኖ እሱም ተፈርዶበታል።

በእኛም ሕግ እንዲሁ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 73 ትዕዛዝ የሰጠውን የበላይ ይጠይቃል። አንቀጽ 74 ደግሞ ትዕዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመውን የበታች ይጠይቃል። ሁለቱ አይጣሉም። አንዱ ስለተከሰሰ ሌላው አይድንም። ያልታጠቀ ሰው ላይ ተኩስ የሚል ትዕዛዝ ሕገ ወጥ መሆኑን ለማወቅ የሕግ ትምህርት አያስፈልግም።

ችሎቱ ለመጀመር ለምን 13 ዓመት ፈጀ?

ጅምሩ ፈጣን ነበር። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት፣ ሰው አይሲሲ የሚለው፣ በጥቅምት 2002 ጉዳዩን መከታተል ጀመረ። የጊኒ ዳኞች የራሳቸውን ምርመራ የከፈቱት በየካቲት 2002 ነው። በመካከል ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ኅዳር 24 ቀን 2002 ቱምባ ዳዲስን ጭንቅላቱን በጥይት መታው። የግድያውን ጥፋት በእኔ ላይ ሊያላክክ ስለነበር ነው አለ። ዳዲስ ቆስሎ ሞሮኮ ታከመ፤ ከዚያ ቡርኪና ፋሶ በስደት ኖረ።

ከዚያ ዓመታት ተንከባለሉ። ዳዲስ ላይ ክስ የተመሠረተው ገና በሐምሌ 2007 ነው። ቱምባ ዳካር ውስጥ የተያዘው በታኅሣሥ 2009 ነው። ምርመራው ካለቀ በኋላም ችሎቱ ሳይጀመር ዓመታት ሄዱ። ስማቸው በክሱ ከተነሳ መኮንኖች መካከል በመንግሥት ሥልጣን ላይ የቆዩ ነበሩ። ምስክር መሆን በዚህ ሁኔታ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የደፈረሽ ሰው መለዮ ለብሶ በመንገድሽ ያልፋል።

ፋይሉ እንዳይቀበር ያደረጉት ተጎጂዎቹና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ማኅበር አቋቋሙ። የጊኒና የውጭ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ጠበቃ አቆሙላቸው። መርማሪ ዳኞቹ ከ400 በላይ ተጎጂዎችንና ዘመዶችን ቃል ተቀበሉ። መስከረም 18 በመጣ ቁጥር ፍትሕ ይሰጠን ብለው ይወጡ ነበር። ችሎቱ የተከፈተውም በዚያው ቀን፣ መስከረም 18 ቀን 2015 ነው። በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ከ100 በላይ ተጎጂዎች ቀርበው ተናገሩ። ከተደፈሩት ሴቶች አንዳንዶቹ በዝግ ችሎት መሰከሩ፤ በአደባባይ የመሰከሩም አሉ። ለእነዚህ ሴቶች ያለኝን አክብሮት በቃላት መግለጽ ይከብደኛል።

አንድ ነገር ግን መሸሸግ የለበትም። ችሎቱ እንዲጀመር የፈቀደው መንግሥትም በመፈንቅለ መንግሥት የመጣ ነው። ማማዲ ዱምቡያ በነሐሴ 2013 መጨረሻ ሥልጣን ያዘ። ችሎቱ ሊከፈት ወራት ሲቀሩት፣ በግንቦት 2014፣ ይኸው መንግሥት የአደባባይ ሰልፍን ከለከለ። ሰልፈኛ ስለተገደለ ፍርድ እየተሰጠ ሰልፍ መውጣት ግን ክልክል ነበር።

ከእስር ቤት አመለጠ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2016 ከባድ መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች የኮናክሪን ማዕከላዊ እስር ቤት ሰብረው አራት ተከሳሾችን አወጡ። ዳዲስ በዚያው ዕለት ተመልሶ ታሰረ። ጠበቃው ታፍኖ ነው የተወሰደው እንጂ አላመለጠም ብሏል። ከአራቱ አንዱ ኮሎኔል ክሎድ ፒቪ ግን ተሰወረ። ላይቤሪያ ውስጥ የተያዘው በመስከረም 2017 ነው።

ፍርዱ ምን ሆነ?

ሐምሌ 24 ቀን 2016 ተነበበ። ፍርድ ቤቱ ድርጊቱን ተራ ግድያና አስገድዶ መድፈር ብሎ አላለፈውም። በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው አለ። ዳዲስ በበላይ አዛዥ ኃላፊነት 20 ዓመት ተፈረደበት። ያኔ የአደንዛዥ ዕፅና የተደራጀ ወንጀል መከላከያ ኃላፊ የነበረው ሙሳ ቲዬግቦሮ ካማራም 20 ዓመት ተፈረደበት። ቱምባ 10 ዓመት። ፒቪ በሌለበት እድሜ ልክ። በማስረጃ ያልተረጋገጠባቸው ተከሳሾች ነፃ ተለቀቁ። ይህም የችሎቱን ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሁሉንም ጠራርጎ የሚያስር ችሎት በቀል ነው የሚመስለው። ለተጎጂዎች ካሣም ተወስኗል፤ ለተደፈሩት ለእያንዳንዳቸው 1.5 ቢሊዮን የጊኒ ፍራንክ።

ታዲያ በይቅርታ ተፈታ አይደል? ይህ ሁሉ ልፋት ምን ፈየደ?

አዎ፣ ተፈታ። መጋቢት 19 ቀን 2017 ዱምቡያ በጤና ምክንያት ብሎ ይቅርታ አደረገለት። መንግሥት የተጎጂዎችን ካሣ እከፍላለሁ ያለውም በዚያው ሳምንት ነው። ካሣው በጎ ነገር ነው። ይቅርታው ግን ስህተት ነው እላለሁ። 20 ዓመት የተፈረደበት ሰው ከፍርዱ በኋላ አንድ ዓመት እንኳ ሳይታሰር ወጣ። መስክረው ወደ ቤታቸው የገቡት ሴቶች ማንን ነው የሚያምኑት?

ደቡብ ኮሪያ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በግንቦት 1972 ጓንጁ በምትባል ከተማ ጦሩ በሰልፈኞች ላይ ተኮሰ። ጄኔራል ቹን ዱ ሁዋን በነሐሴ 1988 ሞት ተፈረደበት። በይግባኝ ወደ እድሜ ልክ ዝቅ አለ። በታኅሣሥ 1990 በይቅርታ ወጣ። በ2014 ሲሞት የጓንጁን ቤተሰቦች ይቅርታ ሳይጠይቅ ነው። ይቅርታ የተደረገለት ሰው ራሱ ይቅርታ አልጠየቀም።

ግን «ምንም አልፈየደም» የሚለውን አልቀበልም። ይቅርታ እስራቱን ያስቀራል፣ የተረጋገጠውን ነገር አያጠፋም። ከፍርዱ በፊት 57 ሰው ነው፣ ተረጋግጠው ነው የሞቱት ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። ዛሬ ጊኒ ውስጥ ያንን የሚል ሰው የራሱን አገር ፍርድ ቤት ውሳኔ ፊት ለፊት ያገኘዋል።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ይቅርታ በሕግ አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ይከለክለዋል። የሰው ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ በአስገዳጅ ሰውን መሰወር፣ ኢሰብአዊ ድብደባ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ጊዜ ገደብ፣ የላቸውም። በምሕረትም በይቅርታም አይታለፉም። የሚቻለው ሞት የተፈረደበትን ወደ እድሜ ልክ ማውረድ ብቻ ነው። ይህ አንቀጽ ከቀይ ሽብር መከራ የመጣ ነው። ልናውቀው ይገባል።

የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

በከፊል። መንግሥቱ ኃይለማርያም በታኅሣሥ 1999 በሌሉበት ጥፋተኛ ተባሉ፣ በጥር እድሜ ልክ፣ በግንቦት 2000 በይግባኝ ሞት ተፈረደባቸው። እስካሁን ፍርዱ አልተፈጸመም፤ ዚምባብዌ ናቸው። እዚህ ታስረው ሞት የተፈረደባቸው ባለሥልጣናት ቅጣት በ2003 ወደ እድሜ ልክ ተለውጦ፣ ብዙዎቹ በ2004 ወጡ። ልዩነቱ የኮናክሪው ዋና ተከሳሽ ችሎት ፊት ቆሞ መጠየቁ ነው።

አይሲሲ ኢትዮጵያ ውስጥ የተፈጸመ ነገር ማየት ይችላል?

ኢትዮጵያ አይሲሲን ያቋቋመው የሮም ስምምነት አባል አይደለችም። ጊኒ አባል ናት፤ ግፊቱም ሠርቷል። የጊኒ ችሎት በተከፈተበት ቀን አይሲሲ ክትትሉን ዘጋ፣ አገሪቱ ራሷ መዳኘት ጀምራለችና። ለእኛ ያለው መንገድ የአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ነው። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 ጸድቋል። ወረቀቱ አለ። የሚጎድለው አፈጻጸሙ ነው።

የሎቄስ ነገር?

ሐዋሳ ላይ የኮናክሪ ወሬ ከተነሳ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ግንቦት 16 ቀን 1994 የከተማዋ አስተዳደር ሊለወጥ ነው በሚለው ዕቅድ የተቆጡ ሲዳማዎች ሰልፍ ወጡ። ሐዋሳ አጠገብ ባለችው ሎቄ ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱባቸው። የሟቾች ቁጥር ዛሬም አከራካሪ ነው። መንግሥት ያለውና ቤተሰብ የሚለው አይገናኝም። ይህ ብቻውን ኮናክሪን ያስታውሳል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ሲዳማ ክልል ሆነ። የፖለቲካ ጥያቄው ሲመለስ የደሙ ጥያቄ አብሮ የተመለሰ የሚመስላቸው አሉ። አይመስለኝም። ክልል መሆን ለሟች እናት ማን ተኩሱ ብሎ እንዳዘዘ አይነግራትም። የሎቄ ቤተሰቦች ስም በስም የሚጠራበት፣ ያዘዘ የሚጠየቅበት፣ ተከሳሹም ጠበቃ ቆሞለት የሚከራከርበት ግልጽ ችሎት ይገባቸዋል። በሕገ መንግሥቱ ያለ ፍርድ መግደል ይርጋ የለውም። ስለዚህ «ጊዜው አልፏል» የሚላችሁን ሰው አንቀጽ 28ን አሳዩት።

ሰልፉ ካልተፈቀደ መተኮስ ይቻላል?

አይቻልም። መጀመሪያ ነገር፣ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ነው የሚለው። ሳያሳውቁ መውጣት ጥፋት ሊሆን ይችላል። ጥፋት ሁሉ ግን በጥይት አይቀጣም። የተባበሩት መንግሥታት በ1982 ሃቫና ላይ ያጸደቀው መርህ ግልጽ ነው። መሣሪያ ሆን ብሎ ለመግደል የሚተኮሰው ሕይወት ለማዳን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። ድንጋይ የወረወረ አንድ ልጅ ስላለ ሺህ ሰው ላይ መተኮስ በየትኛውም ሕግ ቦታ የለውም።

ዘመዴ ሰልፍ ላይ ቢመታ ምን ልያዝ?

ከሕክምናው ቀጥሎ ማስረጃ ነው። ሐኪሙ ጥይቱ የገባበትንና የወጣበትን ቦታ በካርዱ ላይ እንዲጽፍ ለምኑት። ከፊት ነው ከኋላ የሚለው ፍርድ ቤት ላይ ሁሉን ነገር ይለውጣል፤ ከኋላ የተመታ ሰው እየሸሸ ነበር። በደም የራሰውን ልብስ አትጠቡት። ጥላ ውስጥ አድርቁትና በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት። ፌስታል ውስጥ ይሻግታል።

ቪዲዮ ካለ ዋናውን ከስልኩ አታጥፉ። በቴሌግራም ዝም ብሎ የተላከ ቪዲዮ ጥራቱ ይቀንሳል፣ የተቀረጸበት ቀንና ሰዓትም ከፋይሉ ሊጠፋ ይችላል። መላክ ካለበት በፋይል መልክ ላኩት፤ ፍላሽ ላይም አንድ ቅጂ ይኑር።

ከዚያ ደብተር አውጡና ያያችሁትን በዚያው ዕለት ጻፉ። ሰዓቱን፣ መንገዱን፣ የመኪናውን ታርጋ። የዩኒፎርሙን ቀለምና ክንዱ ላይ ያለውን ምልክት በተለይ ጻፉ፤ የትኛው ክፍል እንደተሰማራ የሚታወቀው በዚያ ነው። ሬዲዮ መገናኛ የያዘው የትኛው ነበር? ከመተኮሱ በፊት ማን ምን አለ? አጠገባችሁ ማን ነበር? የተኮሰውን ልጅ ፊት ላታስታውሱት ትችላላችሁ። ክፍሉ ከታወቀ ግን አዛዡ ይታወቃል።

ይህን ይዛችሁ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሐዋሳ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌላችሁ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎትን ጠይቁ። የምትሰጡትን ሁሉ ኮፒ አስቀሩ፣ ያስገባችሁበትንም ቀን በማኅተም አስፈርሙ።